ኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር

ኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግ የምህንድስና ጥያቄዎችን በሒሳብ ሞዴልና በኮምፒውተር ስሌት መመለስን የሚያስተምር ዘርፍ ነው። ድልድዩ ገና ሳይሠራ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ማወቅ ይፈለጋል። አየር በአውሮፕላን ክንፍ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ፣ መኪና ሲጋጭ የፊት አካሉ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ውስጥ ደም የት ላይ እንደሚዘገይም እንዲሁ። እነዚህን በወረቀትና በእርሳስ ብቻ መፍታት አይቻልም። ሁሉንም ሠርቶ መሞከር ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ ችግሩ በሒሳብ ይጻፋል። ሒሳቡ ኮድ ይሆናል። ኮዱ ኮምፒውተር ላይ ይኬዳል። የወጣው ቁጥር ተመልሶ ለዲዛይኑ ውሳኔ ይውላል።

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ኮምፒውተር መልስ አያጣም። ሞዴሉ የተሳሳተ ቢሆንም፣ የገባለት መረጃ ጎዶሎ ቢሆንም ቁጥር ያወጣል። ዛሬ ዛሬማ ቁጥሩን በቀይና በሰማያዊ ቀለም አስውቦ ያሳያል። ሥዕሉ ሲያምር ሰው ማመን ይቀናዋል። እኔ ይህን ትምህርት የምወደው ተማሪውን አንድ ነገር አጥብቆ ስለሚያስለምደው ነው፦ የወጣው ቁጥር እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን መጠየቅና መልሱን በማስረጃ ማቅረብ። ከዚህ በታች ያለውንም የጻፍኩት በዚሁ ዓይን ነው። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሌሎች ዘርፎች በምን ይለያል?

ስሙ ከኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ አመልካች ይምታታበታል። ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ኮምፒውተሩን ራሱን መሥራት ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሰርኪዩቱን፣ ሜሞሪውን። ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ አልጎሪዝምንና ሶፍትዌርን ያጠናል። ለኮምፒውቴሽናል ኢንጂነር ግን ኮምፒውተር መሣሪያ ነው። እሱን የሚያሳስበው የሚፈሰው ውኃ፣ የሚንቀጠቀጠው ሕንፃ፣ የሚግለው ሞተር ነው።

ሲቪልና ሜካኒካል መሐንዲሶችም ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላትን፣ ይጠቀማሉ። ብዙውን ጊዜ ግን የሚማሩት የተዘጋጀ ሶፍትዌር ላይ መሥራትን ነው። የኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ስሌት ራሱ ጽፎ ያየዋል፤ በትንሽ መጠንም ቢሆን። ቅርቡ ምናልባት ተግባራዊ ሒሳብ ነው። እዚያ ዘዴው እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይበቃል። መሐንዲሱ ላይ ግን በዚያ ላይ ተጨማሪ ኃላፊነት አለ፤ በስሌቱ ተማምኖ የተሠራው ክንፍ መሰበር የለበትም።

ከየት መጣ?

ታሪኩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የአየር ጠባይን በስሌት ብቻ ለመተንበይ ሞክሮ ውጤቱን በ1922 አሳተመ። ስሌቱን የሠራው በእጁ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ሲያገለግል። ያን ሁሉ የደከመው ለ6 ሰዓት ትንበያ ብቻ ነበር። ስሌቱ የአየር ግፊቱ በ145 ሄክቶፓስካል ይለወጣል አለ። በዚያን ቀን ግን ግፊቱ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም ነበር።

የስህተቱ ምንጭ ያስተምራል። የተጠቀመባቸው የፊዚክስ ቀመሮች ደህና ነበሩ። መነሻ ያደረጋቸው የአየር ልኬቶች ግን እርስ በርስ በደንብ አይጣጣሙም። ስሌቱ ያንን ትንሽ አለመጣጣም አጋነነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች መነሻውን መረጃ አስተካክለው ስሌቱን ሲደግሙት ሚዛናዊ ውጤት አገኙ። ሪቻርድሰን ያልተሳካውን ስሌት ከነዝርዝሩ ማሳተሙ ለዘርፉ የዋለው ትልቅ ውለታ ነው። ደብቆት ቢሆን ኖሮ ማንም ምክንያቱን አይፈልግም ነበር።

በ1928 ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት ሌላ ቁልፍ ነገር አሳዩ። ቦታን በትናንሽ ክፍል፣ ጊዜን በትናንሽ እርምጃ ከፋፍለን ስናሰላ ሁለቱ ክፍፍሎች ዝምድና አላቸው። የጊዜው እርምጃ ከቦታው ክፍፍል አንጻር ከልክ በላይ ከረዘመ ስሌቱ ትክክለኛውን መልስ ሊያገኝ አይችልም። ይህ ቅድመ ሁኔታ እስከ ዛሬ በሦስቱ ሰዎች ስም ይጠራል። ፈሳሽ ነገርን በኮምፒውተር የሚያሰላ ተማሪ በየቀኑ ያነሳዋል።

በ1950 ቻርኒ፣ ፍዮርቶፍትና ፎን ኖይማን ኤኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ የአየር ትንበያ አሰሉ። የ24 ሰዓት ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ቢሆንም ነገሩ እንደሚቻል ታየ። በ1957 ፎርትራን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከአይቢኤም ወጣ። መሐንዲሶች ቀመራቸውን ቀመር በሚመስል መልክ መጻፍ ቻሉ። ፎርትራን ዛሬም አልሞተም፤ ብዙ የአየር ትንበያ ኮዶች አሁንም የሚሠሩት በእሱ ነው።

በሕንፃና በአውሮፕላን በኩል ያለው መንገድ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ ነው። አንድን ውስብስብ ቅርጽ በትናንሽ ቀላል ቅርጾች፣ ለምሳሌ በሦስት ማዕዘኖች፣ ይሸነሽኑታል። በየቁራጩ ላይ ቀላል ሒሳብ ይሠራል። ከዚያ ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ። ኩራንት በ1943 ሐሳቡን በሒሳብ መልክ አቅርቦት ነበር። በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ ለአውሮፕላን አካል አዋሉት። ስሙን ያወጣለት ሬይ ክላፍ ነው፣ በ1960። ናሳም ናስትራን የተባለውን ፕሮግራም ለመንኮራኩሮቹና ለአውሮፕላኖቹ አሠራ። ዛሬ የምናየው ትልቅ ድልድይ፣ ረጅም ሕንፃ፣ የአውሮፕላን አካል ሁሉ በዚህ ዘዴ ሳይፈተሽ አያልፍም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቱ ለብቻው የመጀመሪያ ዲግሪ የሆነው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ሰው አንድ የምህንድስና ወይም የሒሳብ ዲግሪ ይዞ በማስተርስና በዶክትሬት ነበር የሚገባበት። አሁንም አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው በዚያ ደረጃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

መጀመሪያ ላይ ከሌላ ምህንድስና ብዙም አይለይም። ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ አለ። ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮችን በአንድ ላይ መፍታትን የሚያስተምረው ሊኒየር አልጀብራ ግን እዚህ ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል፤ ሊሰጠውም ይገባል። ነገሮች እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚገልጹ ቀመሮች፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚባሉት፣ አሉ። ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ አለ። ፕሮግራሚንግ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ በፓይተን ወይም በማትላብ ይገባና በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ይመጣል።

ከዚያ ቀመሮችን በቁጥር ስሌት መፍታትን የሚያስተምረው፣ ኒውመሪካል ሜተድስ የሚባለው ኮርስ ይከተላል። ዲግሪው የራሱን መልክ መያዝ የሚጀምረው እዚህ ነው። ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ረጅም ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። መሐሉ ላይ 100 ዲግሪ ሞቋል፤ ሌላው ቦታ ሁሉ 0 ነው። ሙቀቱ ከጊዜ ጋር እንዴት ይሰራጫል? ዘንጉን እኩል በተራራቁ ነጥቦች እንከፍለዋለን። በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ የአንድ ነጥብ አዲስ ሙቀት እንዲህ ይሰላል፦ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን ሙቀት ደምር፣ የራሱን እጥፍ ቀንስ፣ ያንን በአንድ ቁጥር አባዛ፣ ከድሮው ሙቀቱ ላይ ጨምር። ማባዣው ቁጥር የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ በጊዜው እርምጃና በነጥቦቹ ርቀት ነው።

ማባዣው 0.25 ይሁን። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ መሐሉ 50፣ ሁለቱ ጎረቤቶች 25፣ 25 ይሆናሉ። ከሁለተኛው በኋላ መሐሉ 37.5፣ ጎረቤቶቹ 25፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት 6.25 ይሆናሉ። ድምሩ ሁልጊዜ 100 ነው። ሙቀት ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል። እንደጠበቅነው ነው።

አሁን ለመቸኮል የጊዜውን እርምጃ በ4 እናስረዝመው። ማባዣው 1 ይሆናል። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ መሐሉ −100 ዲግሪ ይላል። ከሁለተኛው በኋላ 300። ከሦስተኛው በኋላ −700። ብረቱ ዝም ብሎ እየበረደ ሳለ ስሌቱ አብዷል። ኮዱ ላይ የተሳሳተ መስመር የለም። ቀመሩም ያው ነው። የተለወጠው እርምጃው ብቻ ነው። ሒሳቡ እንደሚያሳየው ማባዣው ከ0.5 መብለጥ የለበትም።

አስገራሚው ነገር ደግሞ ድምሩ አሁንም 100 መሆኑ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ተማሪው አንድ ፍተሻ እንደማይበቃ ገና በሁለተኛ ዓመት ይማራል። ሌላም ነገር ይከተላል። የነጥቦቹን ርቀት በግማሽ ብንቀንስ የጊዜው እርምጃ በ4 ማጠር አለበት። ሦስት አቅጣጫ ላለው አካል ከሆነ ነጥቦቹ በ8 ይበዛሉ፣ እርምጃዎቹ በ4፤ ሥራው በ32 እጥፍ ይጨምራል። «ትንሽ ጠራ አድርገው» የሚል አለቃ ምን እየጠየቀ እንደሆነ የሚገባን ያኔ ነው። ይህን ገደብ የሚያልፉ ሌሎች ዘዴዎች አሉ። እነሱም በየእርምጃው ትልቅ የኢኩዌሽን ስብስብ መፍታት ይጠይቃሉ።

ሊኒየር አልጀብራ የሚከብደውም በዚህ ነው። 20 ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸው 20 ኢኩዌሽኖችን አስቡ። ክሬመር ሕግ በሚባለው መፍቻ፣ ዲተርሚናንት የሚባሉትን ረጃጅም የማባዛትና የመደመር ስሌቶች በትርጓሜያቸው እየዘረዘሩ፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ስሌት በሚሠራ ማሽን ቢፈቷቸው ከሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ያልታወቁትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያስወገደ በሚፈታው የጋውስ ዘዴ ግን ወደ 6,000 ገደማ ስሌት ይበቃል። ሁለቱም ዘዴ በሒሳብ ትክክል ነው። አንደኛው ግን ለሥራ አይሆንም። ደግሞ ያልታወቁት ቁጥሮች አንድ ሚሊዮን ቢሆኑስ? ሙሉውን ማትሪክስ፣ ማለትም የኢኩዌሽኖቹን ቁጥሮች የያዘውን ሠንጠረዥ፣ ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥ 8 ቴራባይት ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ነጥብ የሚነካካው የቅርብ ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። በየረድፉ 7 ያህል ቁጥር እንጂ ሌላው ዜሮ ነው። ዜሮዎቹን ካላስቀመጥን 100 ሜጋባይት አካባቢ ይበቃል፤ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። የዚህ ትምህርት ውበት ያለው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። የችግሩን ባሕርይ ያየ ሰው ትልቁን ሥራ ያቀልለዋል።

የኋለኞቹ ዓመታት

ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ሶሊድ ሜካኒክስና ፋይናይት ኤለመንት ይመጣሉ። ኦፕቲማይዜሽን አለ፤ ዲዛይኑን ከመፈተሽ አልፎ የተሻለውን ዲዛይን መፈለግ ማለት ነው። ፓራለል ኮምፒውቲንግም አለ። አንድን ስሌት ለብዙ ፕሮሰሰሮች ማከፋፈል ቀላል ይመስላል። አንዱ የሌላውን ውጤት መጠበቁ፣ መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ሲቆጠር ግን ፕሮሰሰር በእጥፍ ስለጨመረ ፍጥነት በእጥፍ አይጨምርም። በ2022 ፍሮንቲየር የተባለው የአሜሪካ ሱፐርኮምፒውተር በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌትን ማለፉ ተመዘገበ። እንዲህ ያለውን ማሽን በአግባቡ ማሠራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አብዛኛው ፕሮግራም በዚህ ጊዜ ተማሪው አንድ የምህንድስና መስክ እንዲመርጥ ያደርጋል። አንዱ አውሮፕላንና መንኮራኩርን ይመርጣል፣ ሌላው ሕንፃ፣ ሌላው ባዮሜካኒክስ፣ ሌላው ኢነርጂ። እኔ ይህ ምርጫ እንደ ቀላል መታየት የለበትም ባይ ነኝ። መስኩን የማያውቅ ሰው የወጣው ቁጥር የማይመስል መሆኑ አይታየውም። የቧንቧ ፍሰት ምን ያህል ፍጥነት እንደሚኖረው በልምድ የሚያውቅ መሐንዲስ ውጤቱን ገና እንዳየ «ኧረ ይሄ አይሆንም!» ይላል።

መጨረሻው ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ። ጥሩ ፕሮጀክት ስሌትን ከልኬት ጋር ያነጻጽራል። ሲሙሌሽን ሠርቶ ባለቀለም ሥዕል ማቅረብ ብቻውን ፕሮጀክት ሊባል አይገባም።

ስህተትን መቁጠር

ስህተት እዚህ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ዓይነቱም ብዙ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ቁጥርን ከሚይዝበት መንገድ ይመጣል። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ የሚወጣው 0.30000000000000004 ነው። ማሽኑ የሚያስበው በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ነው። 0.1 ደግሞ በሁለትዮሽ ማለቂያ የለውም፤ የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። በ1985 የወጣው አይትሪፕልኢ 754 የተባለው ደረጃ አቆራረጡ በየማሽኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን መንገድ ከፈተ። በተለመደው አያያዝ 16 ያህል አኃዝ ይታመናል።

16 አኃዝ ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አናገኘውም። የካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ውስጥ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት የመጣበትን ሚሳይል ሳያስቆም ቀረ። 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የሥርዓቱ ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ነበር። 0.1 ደግሞ በ24 ቢት ተቆርጦ ነው የተያዘው። ሥርዓቱ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ስህተቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። በዚያች ጊዜ ሚሳይሉ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ከክፍፍሉ ይመጣል። ለዚህ ደግሞ ከስላይፕነር ኤ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ስላይፕነር ለሰሜን ባሕር የታሰበ የኖርዌይ የነዳጅና ጋዝ መድረክ ነበር። የሚቆመው 82 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ ሲሆን፣ መሠረቱ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ የኮንክሪት ሲሊንደሮች ተያይዘው የተሠራ ነው። ሦስት ሲሊንደሮች በሚገናኙበት ቦታ በሦስት ማዕዘን መልክ ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት በባሕር ውኃ ይሞላል። ስለዚህ እዚያ ያለው ግድግዳ በአንድ ወገን የውኃ ግፊት አለበት፣ በሌላ ወገን የለበትም።

ነሐሴ 23 ቀን 1991 መሠረቱን ስታቫንገር አጠገብ ባለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ውኃ እያወረዱ ይፈትሹት ነበር። 65 ሜትር ያህል ላይ አንዱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ውኃው ከሚቀዳው በላይ ገባ። ያ ሁሉ ኮንክሪት ሰምጦ ወለሉን ሲመታ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች መዘገቡት። ሰው አልሞተም። ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ምርመራው ወደ ስሌቱ ወሰደ። ዲዛይኑ በፋይናይት ኤለመንት ተሰልቷል። በዚያ ወሳኝ ቦታ ላይ ግን ክፍፍሉ ሻካራ ነበር፤ ቁራጮቹም ቅርጻቸው ያልተስተካከለ። በዚህ ምክንያት ግድግዳውን ለመቁረጥ የሚታገለው ኃይል፣ መሐንዲሶች ሺር የሚሉት፣ በ47 በመቶ አንሶ ተሰላ። ኮንክሪቱ በዚያ ስሌት መሠረት ቀጭን ሆነ። ውስጡ የገባው ብረትም በቂ መያዣ አልነበረውም። በኋላ ቁራጮቹን አጥርተው ሲያሰሉት ግድግዳው በ62 ሜትር ላይ እንደሚሰበር ወጣ። በእውነት ከተሰበረበት 65 ሜትር ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ዘዴው አላጭበረበረም። በደንብ ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል። የጎደለው አንድ ተማሪ በሦስተኛ ዓመት የሚለማመደው ነገር ነው፤ ክፍፍሉን አሳንሶ መድገምና መልሱ መለወጡን ማየት። ብዙ ዘዴዎች ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ በ4 መቀነስ አለበት። በ4 ካልቀነሰ አንድም ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ፣ አንድም ክፍፍሉ ገና አልደቀቀም። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ችግር ሆን ብሎ ፈጥሮ ኮዱን መፈተንም የተለመደ ነው።

ባለሙያዎች ሁለት ጥያቄዎችን ይለያሉ። ቀመሩን በትክክል ፈትተነዋል ወይ? የፈታነውስ ትክክለኛውን ቀመር ነው ወይ? የመጀመሪያውን ሒሳብ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የሚመልሰው ልኬት ብቻ ነው። ስለዚህ የላብራቶሪ ኮርስ የሌለው የኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ።

ማሽን ለርኒንግስ?

ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከብዙ መረጃ ራሱ እንዲማር ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ይተካዋል ወይ? ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁት ይህንን ነው። በ2023 ጉግል ዲፕማይንድ ግራፍካስት የተባለ ሞዴል አሳየ። የ10 ቀን የአየር ትንበያ በአንድ ማሽን ላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣል፤ ጥራቱም ከምርጦቹ የፊዚክስ ሞዴሎች ጋር የሚፎካከር፣ በብዙ መለኪያም የሚበልጥ ሆነ። ታዲያ የድሮው ስሌት አበቃለት ማለት ነው? አይደለም። ግራፍካስት የሠለጠነበት የአሥርት ዓመታት መረጃ የተዘጋጀው የአየር ልኬቶችን ከፊዚክስ ሞዴል ጋር በማዋሃድ ነው። አዲሱ መንገድ በአሮጌው ላይ ቆሟል።

በምህንድስና ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። የአየር መረጃ በየቀኑ ይሰበሰባል። አንድም ጊዜ ያልተሠራ የሞተር ዲዛይን ግን መረጃ የለውም። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚታየው ቅልቅል ነው። ከባዱ ሲሙሌሽን ጥቂት መቶ ጊዜ ይኬዳል፤ ከዚያ ፈጣን ሞዴል በእሱ ውጤት ይሠለጥናል፤ ፈጣኑ ሞዴል ሺህ ዲዛይን ያበጥራል፤ የተመረጡት እንደገና በከባዱ ይፈተሻሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ ተመራቂ ተፈላጊ ነው። ማሽን ለርኒንግ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን የቀረበለት መልስ የኃይል ጥበቃን ሕግ ቢጥስ ላያውቀው ይችላል።

የት ይሰጣል?

አሜሪካ ውስጥ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን በዚህ ስም የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ የአኸን፣ የኤርላንገን-ኑረምበርግና የዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ያለው ኢቴሃ የተባለው ዩኒቨርሲቲ በተቀራራቢ ስም ያስተምራል። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ይባላል፣ ሌላው ጋ በሜካኒካል ወይም በኤሮስፔስ (የአውሮፕላንና የመንኮራኩር) ምህንድስና ሥር እንደ ንዑስ ዘርፍ ተቀምጧል። በአሜሪካ 4 ዓመት፣ በጀርመን ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል።

ፕሮግራሙ በሌለበት መንገድ የለም ማለት አይደለም። ሜካኒካል፣ ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እየተማሩ ኒውመሪካል አናሊሲስ፣ ተጨማሪ ሊኒየር አልጀብራና ሁለት የፕሮግራሚንግ ኮርስ መውሰድ ወደዚያው ያደርሳል። እንዲያውም ለአንዳንዱ ተማሪ ይህ ይሻለዋል። በብዙ አገሮች የሕንፃ ዲዛይን ላይ ለመፈረም የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ እውቅና ባላቸው በታወቁት ዘርፎች ለተመረቁ ነው። ሐሳባችሁ ያ ከሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሥራውና ችግሩ

ተመራቂዎች የሚገቡት አውሮፕላንና መኪና ሠሪዎች ጋ፣ የነፋስ ተርባይንና የኃይል ማመንጫ ዲዛይን ውስጥ፣ የሕክምና መሣሪያ ሠሪዎች ጋ፣ የአየር ትንበያ ተቋማትና የምርምር ማዕከላት ውስጥ ነው። የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የሚሠሩ ኩባንያዎችም አሉ፤ አንሲስና አባከስን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የሚወጡት ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው። ብዙዎች ማስተርስ ይጨምራሉ። ወደ ዳታ ሳይንስና ፋይናንስ የሚያመሩም አሉ፤ ሒሳቡ ስለሚመሳሰል።

ጉዳቱም መነገር አለበት። ቀጣሪዎች ሁሉ ስሙን አያውቁትም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ማስረዳት የተማሪው ፋንታ ይሆናል። ትምህርቱ ሰፊ ነው። ሦስት ዘርፍ አንድ ላይ ስለሚነካ በየትኛውም ሳይጠልቁ መመረቅ ይቻላል። ሒሳቡም ጨክኖ ይመጣል። ፕሮግራሚንግ ወድዶ ሒሳብ የሚጠላ ሰው እዚህ ይቸገራል። ሒሳብ ወድዶ ኮድ የሚጠላም እንዲሁ። ሁለቱን ወድዶ የማሽኑ ወይም የሕንፃው ነገር የማያጓጓው ደግሞ ተግባራዊ ሒሳብ ይሻለዋል።

ለማመልከት የሚያስብ ሰው የኮርስ ዝርዝሩን አውጥቶ ሦስት ነገር ይይ። ሊኒየር አልጀብራ ስንት ሴሚስተር ይሰጣል? ተማሪው ፋይናይት ኤለመንትን ራሱ በኮድ ይጽፈዋል ወይስ ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚማረው? ስሌትን ከልኬት ጋር የሚያነጻጽር ኮርስ አለ?

ቀድሞ መሞከርም ይቻላል። ውድ ነገር አያስፈልግም። ፓይተንና ለቁጥር ስሌት የሚጨመርበት ነምፓይ በነፃ ይገኛሉ። ጁሊያ የተባለው ቋንቋም ነፃ ነው። ኦፕንፎም ለፈሳሽ፣ ፌኒክስ ለፋይናይት ኤለመንት፣ ሁለቱም ምንጭ ኮዳቸው ክፍት ነው። ከላይ ያለውን የብረት ዘንግ ስሌት ተራ ስፕሬድሺት ላይ መሥራት ይቻላል፤ ማባዣውን 0.5 ላይ፣ ከዚያ 0.51 ላይ አድርጎ ብዙ እርምጃ ማስኬድና ልዩነቱ ስንተኛው እርምጃ ላይ ጎልቶ እንደሚወጣ ማየት ነው። ያንን ሠርቶ «ለምን?» ብሎ ሒሳቡን ሊፈልግ የተነሳ ሰው ለዚህ ትምህርት ይሆናል።